ሁለት ኬብል፣ ሁለት ስዊች ነበረኝ፤ አንዱ ስዊች ሲጠፋ ግን ሁሉም ቨርቹዋል ማሽን ቆመ

ሌሊት ተረኛ · ሰኞ ጠዋት 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

3 የሊነክስ ሰርቨሮች አሉኝ፤ ቨርቹዋል ማሽን በሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ በኬቪኤም ነው የሚሠሩት። ሦስቱም ዲስካቸውን የሚያገኙት ከአንድ የጋራ ስቶሬጅ ነው፣ በአይስካዚ (ዲስክን በኔትወርክ የሚያቀርብ ፕሮቶኮል)። ስቶሬጁ 2 ኮንትሮለር አለው። እያንዳንዱ ኮንትሮለር 2 ባለ 10 ጊጋ ፖርት አለው። መሃል ላይ 2 ስዊች አለ። እያንዳንዱ ሰርቨር ባለ 2 ፖርት ካርድ ተገጥሞለታል፤ አንዱ ፖርት ወደ ስዊች 1፣ ሌላው ወደ ስዊች 2 ይሄዳል። ሁለቱን ፖርቶች ቦንድ አድርጌ አንድ አይፒ ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጠባበቃል። ሁለቱ ስዊቾች እርስ በርሳቸው በኬብል ተገናኝተዋል፣ ቪላኑም (ስዊቾቹ ውስጥ የተከለለው ኔትወርክ) አንድ ነው።

ቅዳሜ ሌሊት የስዊች 1ን ፋርምዌር ላድስ ብዬ ሪስታርት አደረግኩት። ሁለተኛው አለ ብዬ ልቤ ሙሉ ነበር። ስዊቹ ለመነሳት 4 ደቂቃ ያህል ፈጀበት። በዚያ መሃል ቨርቹዋል ማሽኖቹ በሙሉ ደርቀው ቀሩ። ከ2 ደቂቃ በኋላ ፋይል ሲስተማቸው ንባብ ብቻ ወደሚፈቅደው ሁኔታ ተቀየረ። ስዊቹ ከተመለሰ በኋላም አልተስተካከሉም። አንድ በአንድ ሪስታርት ማድረግ ነበረብኝ። አንዱን ዳታቤዝ ስጠግን ነጋ።

ሎጉ መጀመሪያ ለ5 ሰከንድ የፒንግ መልስ ጠፋ ይላል። ቀጥሎ ሴሽኑ (ሰርቨሩ ከስቶሬጁ ጋር የከፈተው ግንኙነት) በ120 ሰከንድ ውስጥ ሊያገግም አልቻለም ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው የዲስክ ስህተት ብቻ ነው።

ቦንዱ ወደ ስዊች 2 መዞሩን አረጋግጫለሁ፤ በሰዓቱ ዞሯል። ታዲያ የቆመው ምንድን ነው?

የኬብል ሰው · ሰኞ ጠዋት 3:45

ሁለት ነገር ንገረን። ከስቶሬጁ የሚወጡት 4 ኬብሎች እያንዳንዳቸው የትኛው ስዊች ላይ ነው የተሰኩት? ዶክመንቱን አትይ፤ ራኩ ጋ ሄደህ በጣትህ ተከትለህ ተመልከት። ሌላው፣ አንዱ ሰርቨር ላይ ስንት የአይስካዚ ሴሽን ተከፍቷል?

ሌሊት ተረኛ · ሰኞ ረፋድ 5:10

ሄጄ አየሁ። የኮንትሮለር ሀ ሁለቱም ኬብሎች ስዊች 1 ላይ ናቸው። የኮንትሮለር ለ ሁለቱም ስዊች 2 ላይ። በቀለም ተለይተው በደንብ ታስረዋል።

ሴሽን 1 ብቻ ነው ያለው። ወደ ኮንትሮለር ሀ የመጀመሪያ ፖርት። ሦስቱም ሰርቨሮች ላይ እንደዚያው ነው።

የኬብል ሰው · ሰኞ ረፋድ 5:18

ተገኘ። ሰርቨርህ መውጫ በር ሁለት አለው፣ የሚያውቀው አድራሻ ግን አንድ ነው። ያ አድራሻ ደግሞ የሚገኘው ስዊች 1 ላይ ብቻ ነው። ስዊቹ ሲጠፋ ቦንዱ የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ ወደ ስዊች 2 ዞሯል። እዚያ ሲደርስ ግን የሚፈልገው ኮንትሮለር የለም። ኮንትሮለር ለ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነበር፣ ያናገረው አልነበረም እንጂ።

ነባር መሐንዲስ · ሰኞ ከሰዓት 8:30

የኬብል ሰው በትክክል አግኝቶታል። እኔ ከሥሩ ላብራራው፤ ይህንኑ ስህተት ብዙ ቦታ አይቼዋለሁና።

መንገድ ስንል ሙሉውን ሰንሰለት ነው። ከሰርቨሩ ካርድ ይነሳል፤ በኬብሉ፣ በስዊቹ፣ በስቶሬጁ ፖርትና በኮንትሮለሩ አልፎ ዲስኩ ላይ ያበቃል። ሁለት መንገድ አለኝ የምትለው ሁለቱ ሰንሰለቶች የሚጋሩት ቀለበት ከሌለ ነው። ያንተን እንየው። ካርዱ አንድ ነው፤ ካርዱ ከተቃጠለ ሁለቱም ፖርቶች አብረው ይሄዳሉ። ሴሽኑም አንድ ነው። ኮንትሮለሩ ያለው ደግሞ አንድ ስዊች ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በእጅህ የነበረው አንድ መንገድ ነው።

እንዲህ አድርግ። ቦንዱን ፍታው። ለፖርት 1 አንድ ሰብኔት (የአይፒ አድራሻ ክልል) ስጠው፣ ለፖርት 2 ሌላ ሰብኔት። የመጀመሪያው ሰብኔት ስዊች 1 ላይ ብቻ ይኑር፣ ሁለተኛው ስዊች 2 ላይ ብቻ። ለስቶሬጅ ትራፊክ ሁለቱን ስዊቾች የሚያገናኝ ኬብል አያስፈልግህም፤ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል። አንዱ ጋ ሉፕ ቢፈጠር ወይም አንድ ሰው ቪላን ቢያበላሽ ሌላው አይነካም። የፋይበር ቻናል (ሌላ ዓይነት የስቶሬጅ ኔትወርክ) ሰዎች ፋብሪክ ሀ እና ፋብሪክ ለ ብለው ለያይተው የሚዘረጉት ለዚሁ ነው።

ከስቶሬጁ በኩል ደግሞ ኬብሉን አሻግረው። ከኮንትሮለር ሀ አንዱ ፖርት ወደ ስዊች 1፣ ሌላው ወደ ስዊች 2 ይሂድ። ኮንትሮለር ለም እንደዚሁ። አሁን እያንዳንዱ የሰርቨር ፖርት በራሱ ሰብኔት ውስጥ 2 የስቶሬጅ ፖርት ያያል። ለአንድ ዲስክ 4 መንገድ ማለት ነው። ስዊች ቢጠፋ 2 ይተርፋል። ኮንትሮለር ቢሞት 2 ይተርፋል። አንድ ስዊችና አንድ ኮንትሮለር በአንድ ሌሊት ቢሄዱ እንኳ አንዷ ትቀርሃለች።

ሊነክስ ግን ያንኑ አንድ ዲስክ አራት ጊዜ ነው የሚያየው። ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ፣ ኤስዲዲ፣ ኤስዲኢ ብሎ ይደረድራቸዋል። አራቱም አንድ መሆናቸውን የሚለየው መልቲፓዝ ዴሞን ነው። የዲስኩን ልዩ መለያ ያነብና አራቱን አዋህዶ በማፐር ስር አንድ ስም ይሰጣቸዋል። ፋይል ሲስተም የምትሠራው፣ ማውንት የምታደርገው፣ ለኤልቪኤም (የሊነክስ የዲስክ ቦታ ማከፋፈያ) የምትሰጠው በዚህ ስም ብቻ ነው።

ይህችን አጥብቄ የምልህ ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ አንድ ሰርቨር ነበረን። ሲነሳ ኤልቪኤም ቀድሞ ኤስዲሲን ይይዘው ነበር። መልቲፓዙ ሲመጣ ዲስኩ ተይዞ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ማዋሃድ አይችልም። እኛ 4 ሴሽን ተከፍቶ አየን፣ ተረጋግተን ተቀመጥን። ለወራት ማንም ዞር ብሎ የመልቲፓዙን ዝርዝር አላየም። ያቺ አንዷ መንገድ የተቋረጠች ቀን ሦስቱ ጤነኛ ሆነው ሰርቨሩ ወደቀ። ኤልቪኤም የመልቲፓዝ አካል የሆኑ ዲስኮችን እንዳይነካ የሚከለክል ምርጫ አለው፤ መብራቱን አረጋግጥ። የምትመለከተውም የሴሽኑን ቁጥር ብቻ አይሁን። የመልቲፓዙን ዝርዝር አውጣና በአንዱ ዲስክ ስር 4 መስመር ቁጠር።

ሰማያዊ መብራት · ሰኞ ከሰዓት 9:05

ጋሼ፣ በብዙው እስማማለሁ። ግን ቦንድ እንዲህ ፍታው የሚባል ነገር ነው? እኔ ኤንኤፍኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ የሚያጋራ ፕሮቶኮል) ነው የምጠቀመው። 2 ስዊቾቼ እንደ አንድ ሆነው ተዋቅረዋል፣ ሰርቨሮቼ በኤልኤሲፒ (ብዙ ኬብል እንደ አንድ የሚያስር ፕሮቶኮል) ተያይዘዋል። ስዊች ነቅዬ ፈትሼዋለሁ፤ ይሠራል። ሰዎች ይህን አንብበው የሚሠራ ነገር እንዳያፈርሱ ብዬ ነው።

ነባር መሐንዲስ · ሰኞ ከሰዓት 9:40

ጥሩ አልክ። ለኤንኤፍኤስ ያንተው ትክክል ነው። ኤንኤፍኤስ በተለምዶ ከአንድ አድራሻ ጋር ነው የሚነጋገረው፤ ያንን አድራሻ በሕይወት ለማቆየት ቦንድ ተገቢው መሣሪያ ነው። የሚያገለግለውም አድራሻው ራሱ ከአንዱ ኮንትሮለር ወደ ሌላው መሻገር ሲችል ነው።

አይስካዚ ላይ ግን ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ፍጥነት ነው። ኤልኤሲፒ የአንድ ንግግር ፓኬቶች ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባ ይጠነቀቃል። ስለዚህ አንዱን ንግግር በአንድ ኬብል ላይ ብቻ ያስኬደዋል። 1 ሴሽን ካለህ 2 ባለ 10 ጊጋ ኬብል አስረህም የምታገኘው 10 ነው። መልቲፓዝ ግን በየኬብሉ የራሱ ሴሽን ስላለው ሁለቱንም ይጠቀማል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ተጠባባቂ ያለው ቦንድ በተለምዶ የሚያየው የፖርቱ መብራት መኖሩን ነው። ስዊቹ ሳይጠፋ ቢደርቅስ? መብራቱ በርቶ ፓኬት ባያሳልፍስ? ኮንትሮለሩ ተንጠልጥሎ ቢቀርስ? ቦንዱ ሁሉ ሰላም ነው ይልሃል። መልቲፓዝ ግን በየመንገዱ ዲስኩን ራሱን ዝግጁ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። መልስ ካጣ ያችን መንገድ ይዘጋታል።

ሰማያዊ መብራት · ሰኞ ከሰዓት 9:52

ገባኝ። ከኤንኤፍኤስ ጎን ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከሊነክስ ኬርነል 5.3 ጀምሮ ኤንኮኔክት የሚባል የማውንት ምርጫ አለ፤ እስከ 16 ኮኔክሽን ይከፍታል። ብዙ ሰው እንደ መጠባበቂያ ያየዋል። ሁሉም ኮኔክሽን የሚሄደው ወደዚያው አድራሻ ነው፤ የሚጠቅመው ለፍጥነት ነው። ደግሞ ሶፍት በሚባለው ዓይነት ማውንት አታድርጉ። መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ሲቋረጥ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልስለታል፤ ያንን በአግባቡ የማይቀበል ፕሮግራም ዳታውን ያበላሻል።

ዳታቤዝ ወዳድ · ሰኞ ማታ 2:15

ስለ 120 ሰከንዱ ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳው። ዳታቤዙን የገደለው እሱ ነው።

አይስካዚ ሴሽን ሲቋረጥበት ወዲያው ስህተት አያስተላልፍም። ይመለስ ይሆናል ብሎ የመጣውን ጽሑፍና ንባብ ይዞ ይጠብቃል። ካልነኩት የሚጠብቀው 120 ሰከንድ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ላለው ሰው ይህ ትዕግሥት ጥሩ ነው። መልቲፓዝ ላለው ግን ይጎዳል። ከላይ ሌላ ጤነኛ መንገድ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ከታች ያለው ግን መቋረጡን ለ2 ደቂቃ አይነግረውም። ስለዚህ ወደ 5 ሰከንድ አውርደው። በፒንግና በፒንግ መካከል ያለው ጊዜ 5 ሰከንድ፣ የመልሱ መጠበቂያም 5 ነው፤ ባሉበት ይቆዩ። ሲደመር በከፋው ቀን 15 ሰከንድ ገደማ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዋናው የአይስካዚ ኮንፊግ ፋይል ላይ ቁጥሩን ብትቀይር ከአሁን በኋላ ለምታገኛቸው ታርጌቶች (ሰርቨሩ የሚገባባቸው የስቶሬጅ መድረሻዎች) ብቻ ነው የሚሠራው። ቀድሞ የተመዘገቡት የራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ በዚያ ላይ የድሮው 120 ተጽፎ ይቀራል። የእያንዳንዱን ታርጌት መዝገብ ማደስና ከሴሽኑ ወጥተህ እንደገና መግባት አለብህ። እኔ አንድ ጊዜ ፋይሉን ቀይሬ ጨርሻለሁ ብዬ ሄጃለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ያው 120 ሰከንድ ጠበቀኝ።

ቀጥሎ፣ ሁሉም መንገድ አንድ ላይ ቢጠፋ ምን ይሁን የሚለውን መወሰን አለብህ። መልቲፓዝ ኮንፊግ ላይ ኖ ፓዝ ሪትራይ የሚባል ቦታ አለ። ፌይል ካልከው ወዲያው ስህተት ይመልሳል፤ ፋይል ሲስተምህ ንባብ ብቻ ይሆናል። ኪው ካልከው እስከ መጨረሻው ይዞ ይጠብቃል፤ ስቶሬጁ ካልተመለሰ ፕሮሰሶቹ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፣ ሰርቨሩም በወጉ አይጠፋም። እኔ መሃሉን ነው የምመርጠው፣ ቁጥር መስጠት። መልቲፓዙ በየ5 ሰከንዱ የሚፈትሽ ከሆነና 12 ብትሰጠው 1 ደቂቃ ያህል ይታገሣል። ስቶሬጅህ ኮንትሮለር ሲቀያይር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ከአምራቹ ሰነድ እይና ከዚያ አስበልጠው። የቨርቹዋል ማሽኖቹንም አትርሳ። ዲስካቸው እንደ ስካዚ ከቀረበላቸው ሊነክስ ለአንድ ትዕዛዝ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው። ከታች 1 ደቂቃ ታግሠህ ከላይ በ30 ሰከንድ ቢሰለቹ ድካምህ ከንቱ ነው።

የዊንዶውስ ወገን · ሰኞ ማታ 2:40

ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ላላችሁ፦ ኤምፒአይኦን (የዊንዶውስ መልቲፓዝ) መጫን ብቻውን አይበቃም። የአይስካዚ ዲስኮችን እንዲቀበል ማብራት አለባችሁ። እያንዳንዱን ሴሽን ስትከፍቱም መልቲፓዝ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። ካልሆነ ዲስክ ማኔጅመንት ላይ አንዱ ዲስክ ሁለት ሆኖ ይታያችኋል። ያን ጊዜ ምንም ሳትነኩ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሌሊት ተረኛ · ማክሰኞ ጠዋት 4:00

ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት ነው የማደርገው። ለእያንዳንዱ ሰርቨር ተጨማሪ ካርድ ጠይቄያለሁ፤ አንዱ ፖርት ከአንዱ ካርድ፣ ሌላው ከሌላው እንዲሆን።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። የስቶሬጁ ሰነድ አንድ ሰብኔትም ይቻላል ይላል፤ ለምን ሁለት? ሁለተኛ፣ ይህን ከጨረስኩ በኋላ አንዱን ሉን (ስቶሬጁ ለሰርቨር የሚያቀርበው ዲስክ) ለሁለት ሰርቨሮች ልሰጥ አስቤያለሁ። አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው ያንኑ የኤክስት4 ፋይል ሲስተም ማውንት እንዳደረገ ይቀጥላል ብዬ ነው።

የኬብል ሰው · ማክሰኞ ጠዋት 4:04

ሁለተኛውን ተው። እባክህ።

ነባር መሐንዲስ · ማክሰኞ ረፋድ 5:30

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ከእስካሁኑ ሁሉ ይህ ይከፋል። ኤክስት4 እና ኤክስኤፍኤስ ዲስኩን ብቻቸውን የያዙ መስሏቸው ነው የሚሠሩት። የትኛው ብሎክ ነፃ እንደሆነ በሜሞሪያቸው ይዘዋል። ሁለት ሰርቨር በአንድ ጊዜ ማውንት ካደረገው አንዱ የጻፈውን ሌላው አያውቅም፤ በላዩ ላይ ይጽፍበታል። ስህተቱ ወዲያው አይታይም። ከቀናት በኋላ ፋይሎች ተቆራርጠው ታገኛለህ፣ ባክአፑም የተበላሸውን ቀድቶ ይጠብቅሃል። መልቲፓዝ አንድ ሰርቨር ወደ ዲስኩ የሚሄድበትን መንገድ ነው የሚያበዛው። የሰርቨሮችን እርስ በርስ መግባባት አያመጣም። ለዚያ ጂኤፍኤስ2 ወይም ኦሲኤፍኤስ2 ዓይነት የክላስተር ፋይል ሲስተም አለ፤ የማይመልሰውን ሰርቨር በግድ የሚያጠፋ ፌንሲንግም አብሮ ያስፈልጋል። ወይም ደግሞ ክላስተሩ ሉኑን በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰርቨር ብቻ እንዲሰጥ ታደርጋለህ። እስከዚያው ድረስ ስቶሬጁ ላይ እያንዳንዱን ሉን ለባለቤቱ ሰርቨር ብቻ ፍቀድ።

ወደ ሰብኔቱ። አንዳንድ ስቶሬጅ በአንድ የጋራ አድራሻ ይቀበልህና ወደ ሌላ ፖርት ያዞርሃል፤ እንዲህ ያለው አንድ ሰብኔት ሊፈልግ ይችላል። ያን ጊዜ የአምራቹን ሰነድ ተከተል። ግን ዋጋ አለው። ሊነክስ በአንድ ሰብኔት ሁለት ካርድ ሲኖረው የሚወጣው በአንደኛው ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአርፕ ጥያቄም (ይህ አይፒ የየትኛው ካርድ ነው ለሚለው) አንዱ ካርድ በሌላው አድራሻ ይመልሳል። ሴሽኖቹን ከየካርዱ ጋር ማሰር አለብህ። አርፕ ኢግኖርን 1፣ አርፕ አናውንስን 2 ማድረግም ይጠበቅብሃል። በሁለት ሰብኔት ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ራውቲንግ ቴብሉ በራሱ ይለየዋል። ያንተ ስቶሬጅ ሁለቱንም ከፈቀደ ሁለት ውሰድ።

ሰማያዊ መብራት · ማክሰኞ ረፋድ 5:41

ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 9000 ልታደርግ ካሰብክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሁን፤ ሰርቨር፣ ስዊች፣ ስቶሬጅ። ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ከልክለህ በ8972 ባይት ፒንግ አድርግ። 28ቱ የአይፒና የአይሲኤምፒ ራስጌ ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ወደ እያንዳንዱ የስቶሬጅ ፖርት ካለፈ ደህና ነህ። አንዱ ቦታ 1500 ከቀረ ሎጊኑ ይሳካል፣ ትልልቁ ዳታ ሲመጣ ይንጠለጠላል። ለማግኘት በጣም ያስቸግራል።

ሌሊት ተረኛ · ዓርብ ማታ 3:30

ሠርቼ ጨረስኩ። ሰብኔት ሁለት፣ ቦንድ የለም፣ የስቶሬጁ ኬብል ተሻግሯል፣ 120ው በመዝገቡም ላይ 5 ሆኗል። በ8972 ሁሉም አለፈ።

አንድ ያስጨነቀኝ ነገር አለ። የመልቲፓዙ ዝርዝር ሁለት ቡድን ያሳያል። አንዱ ቡድን ቅድሚያው 50 ነው፣ ሌላው 10። ዳታ የሚያልፈው 50 ባለው ቡድን ባሉት 2 መንገዶች ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ዝም ብለዋል። አጥፍቻለሁ?

ዳታቤዝ ወዳድ · ዓርብ ማታ 3:44

አላጠፋህም፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ሉኑ ባለቤት አለው፣ ከሁለቱ ኮንትሮለሮች አንዱ። ወደ ባለቤቱ በቀጥታ የሚሄዱት 50 ያገኛሉ። በሌላው በኩል የሚሄዱት ለባለቤቱ ማሳለፍ ስላለባቸው ይረዝማሉ፤ 10 ይሰጣቸዋል። አሉዋ የሚባለው ይህ ነው፣ ስቶሬጁ ለሰርቨሩ በዚህ በኩል ብትመጣ ይሻላል ብሎ የሚናገርበት ቋንቋ። አራቱንም በአንድ ቡድን እንዲጨምር አታስገድደው፤ አንዳንድ ስቶሬጅ የሉኑን ባለቤት በየጊዜው ሲያመላልስ ፍጥነቱ ይወድቃል። ኮንትሮለር ለም ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር ግማሹን ሉን ለእሱ ስጠው።

የኬብል ሰው · ዓርብ ማታ 4:02

አሁን ፈትሸው፤ እውነተኛ ዳታ ሳይገባበት። የሙከራ ሉን ላይ በየሰከንዱ ሰዓቱን የሚጽፍ ትንሽ ስክሪፕት አስነሳ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ዲስክ ድረስ መድረሱን አረጋግጦ ይቀጥል፤ ካልሆነ ካሹ ይሸፍንብህና ምንም እንዳልተቋረጠ ይመስልሃል። ከዚያ አንድ ኬብል ንቀል። መልስ። ስዊቹን ከኤሌክትሪኩ ንቀለው፤ በትዕዛዝ ሪስታርት ማድረግ ለሙከራ በጣም የዋህ ነው። መልስ። ኮንትሮለሩን ከስቶሬጁ ሪስታርት አድርግ። በየመሃሉ 4ቱ መንገዶች መመለሳቸውን ሳታይ ወደሚቀጥለው አትለፍ።

ስትነቅል ደግሞ የኃይል ገመዱን ተከተል። ሁለቱ ስዊቾች አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው አይቻለሁ። የስቶሬጁ ሁለት ፓወር ሰፕላይም እንደዚሁ።

ሌሊት ተረኛ · እሑድ ከሰዓት 10:15

ውጤቱ ይኸው። ኬብል ስነቅል ጽሑፉ ለ11 ሰከንድ ቆሞ ቀጠለ። ስዊች 1ን ከኤሌክትሪክ ስነቅል 13 ሰከንድ። ኮንትሮለር ሀ ሪስታርት ሲደረግ 9። አንድም የዲስክ ስህተት አልወጣም። የኃይል ገመዱንም አየሁ፤ እውነትም ሁለቱ ስዊቾች አንድ ማከፋፈያ ላይ ነበሩ። ለያየኋቸው።

ስዊቹ ሲመለስ ግን አንድ ነገር አየሁ። የፖርቱ መብራት ከበራ በኋላ ለ30 ሰከንድ ምንም አያልፍም። መልቲፓዙ መንገዱን የመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ነባር መሐንዲስ · እሑድ ማታ 1:05

ስፓኒንግ ትሪ ነው፣ ስዊቹ ሉፕ እንዳይፈጠር የሚጠነቀቅበት። በድሮው አሠራር ፖርቱ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ ይከፍታል። ወደ ሰርቨርና ወደ ስቶሬጅ የሚሄዱትን ፖርቶች የጠርዝ ፖርት ብለህ ምልክት አድርግባቸው፤ ወዲያው ይከፍታሉ።

አሁን የቀረህ ክትትሉ ነው። መልቲፓዝ ሥራውን በጸጥታ ነው የሚሠራው። አንድ መንገድ ሲሞት ተጠቃሚ አያውቅም፣ አንተም አታውቅም። ሁለተኛው ስዊች ከ6 ወር በኋላ ሲወድቅ ነው የመጀመሪያው ሞቶ እንደነበር የምትሰማው። በየዲስኩ ጤነኛ መንገዶችን የሚቆጥር ማንቂያ ሥራ። ከ4 ሲያንስ በዚያው ደቂቃ ይደውል።

ሌሊት ተረኛ · ማክሰኞ ጠዋት 3:10

ማንቂያውን ትናንት ማታ ሠራሁ። ወዲያው ደወለ። ሦስተኛው ሰርቨር ላይ መንገዱ 3 ነበር። ሙከራውን ያደረግኩት አንደኛው ላይ ብቻ ስለነበር አላየሁትም። ካርዱና ኬብሉ ደህና ናቸው፣ ከሰብኔት 2 አንዱ የስቶሬጅ ፖርት ብቻ ነው የጎደለው። ሳጣራ ስቶሬጁ ላይ የዚያ ሰርቨር መለያ ለዚያ ፖርት አልተፈቀደም። ፈቀድኩት፣ 4 ሆነ። ሙሉውን ሙከራ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰርቨርም ደገምኩት።

ዳታቤዝ ወዳድ · ማክሰኞ ጠዋት 3:22

ጎበዝ! የስዊቹ ፋርምዌርስ?

ሌሊት ተረኛ · ረቡዕ ከሰዓት 8:50

ዛሬ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ፣ የስዊች 1ን ፋርምዌር አደስኩ። የእያንዳንዱ ዲስክ መንገድ ወደ 2 ወረደ፣ ማንቂያው ደወለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 4 ሆነ። ስልኩ አጠገቤ ነበር፤ ከተጠቃሚ አንድም ሰው አልደወለም። ስዊች 2ን በሚቀጥለው ሳምንት ነው የማድሰው። እስከዚያ ስዊች 1 በአዲሱ ፋርምዌር ያለ ችግር መቆየቱን አያለሁ።